ማሽኑ ቆመ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፦ ስለ ግቢያችን ሣር፣ ስለ ተባዩና ስለ ማጨጃው

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። ስለ ሣር ነው። አዎ፣ ግቢያችን ውስጥ ስላለው ሣር። «ሐኪምን ከሣር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አንድ ታሪክ ላስቀድም።

መስከረም መግቢያ ላይ ነው። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ የ23 ዓመት ወጣት ቀኝ እጁ በነጠላ ተጠቅልሎ ገባ። ነጠላው በደም ርሷል። ይዘውት የመጡት እናት ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሲሆን፣ ነጠላውም ግቢውም የእሳቸው ነው። ልጁ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሣር የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ ነው። ለበዓሉ ግቢያቸውን እንዲያሳምርላቸው ጠርተውት፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ማጨጃቸው እያጨደ ሳለ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። እሱም «እስኪመጣ ድረስ ከሥሩ የተጠቀጠቀውን ሣር ላውጣ» ብሎ ማሽኑን ገለበጠና እጁን አስገባ።

መብራቱ መጣ።

እንዲህ ዓይነት ማሽን እጀታውን ሲለቁት እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይሄኛው ግን ተጭኖ መያዙ ያደክማል ተብሎ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ እጀታው በሽቦ ታስሯል። ልጁ ቁስሉን እያጠብኩለት ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዶክተር፣ ቆሞ ነበር እኮ!»

ደሙ እንዲቆም ብለው እናትየው የተፈጨ ቡና ነስንሰውበታል። «የተቆረጡት ጣቶችስ የት አሉ?» ብዬ ስጠይቅ ሁለቱም ተያዩ። ሣሩ ላይ ቀርተዋል። ያሰባቸው ሰው አልነበረም። ቢመጡም መልሶ መግጠም ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም፤ ግን ዕድሉን እንኳ አላገኘም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጽሑፍ እጽፋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ምክንያቱም ሣር ይዞብን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመጣን ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ ማሽኑ፣ ሌላው ለተባይ የምንረጨው መርዝ። ሁለቱ ደግሞ የተያያዙ ናቸው። በደንብ የተያዘ ማሽን ሣሩን ጤነኛ ያደርገዋል፤ ጤነኛ ሣር ተባይን ይቋቋማል፤ ተባይን የተቋቋመ ሣር መርዝ አይፈልግም። ስለዚህ ከሣሩ እንጀምር።

1. ሣሩ ለምን ደረቀ? መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒት

ሰው ሲያተኩሰው ሳይመረመር አንቲባዮቲክ እንደሚገዛው ሁሉ፣ ሣር ሲቢጫም ሮጠን መርዝ እንገዛለን። አንዳንዴ ችግሩ ተባይ አይደለም፤ ውኃ ማነስ ወይም በጣም አሳጥሮ ማጨድ ነው። ለመለየት ቀላል ዘዴዎች አሉ።

- ካቻቢቴ ወስዳችሁ መሬቱ ላይ ውጉ። አልገባም ካለ መሬቱ ደርቋል፤ የሚያስፈልገው ውኃ ነው።
- የደረቀውን ሣር ጨብጣችሁ ወደ ላይ ሳቡት። እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ ከተነሳ ሥሩ ተበልቷል ማለት ነው። ከሥሩ አፈሩን ስትገልጡ እንደ ግማሽ ክብ የተጠማዘዘ ነጭ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ የሆነ ትል ካያችሁ የጥንዚዛ እጭ ነው።
- 4 ሊትር ገደማ ውኃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ 1 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ አፍስሱት። ቅጠል የሚበላ ትል ካለ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ተምች የሚያዘው እንዲህ ነው። ቀን ቀን ስለሚደበቅ ማታና ማለዳ ፈልጉት።
- አፈሩ በየቦታው ተቆልሎ ካገኛችሁ የፍልፈል ሥራ ነው። ደረቁ ሣር በጭቃ ሽፋን ተለብጦ ከሆነ ደግሞ ምስጥ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሳሙናው ውኃ የምድር ትልም ይወጣል። እሱ ወዳጅ ነው፤ አፈሩን የሚያናፍሰው እሱ ነው። ሁለት ሦስት ትል ስላያችሁም አትደንግጡ። ጤነኛ ሣር ጥቂት ተባይ ይችላል።

2. ከመርዝ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች

አጨዳው ላይ አንድ ቀላል ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ክረምቱን ሙሉ ያደገውን ሣር ለበዓል ብለን በአንድ ቀን መሬት ለመሬት ስንላጨው ሥሩ ይዳከማል፤ ፀሐዩ አፈሩን ያደርቀዋል፤ ተባዩም ደካማ ነገር ያገኛል። ስለዚህ ከፍ አድርጋችሁ እጨዱት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድገሙት። ለሰርዶና ለመሰሎቹ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ማስቀረት ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር የምላጩ ስለት ነው። የደነዘ ምላጭ ሣሩን ይቦጫጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ካጨዳችሁ በማግሥቱ የሣሩ ጫፍ ነጣ ወይም ቡናማ ብሎ ከታየ፣ ጥፋቱ የተባይ ሳይሆን የምላጩ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳያውቁ መርዝ የሚረጩ ሰዎች አሉ!

ውኃ ማለዳ አጠጡ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ፣ አልፎ አልፎ ጠጥቶ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል። ትሉን በእጅ መልቀም ይቻላል። ዶሮ ካላችሁ ልቀቋት፤ ከማንም የተሻለች ለቃሚ እሷ ናት (መርዝ ያልተረጨ ከሆነ ብቻ!)። ለፍልፈል ደግሞ ወጥመድ።

3. መርዝ የግድ ከሆነ

ለትልና ለነፍሳት ከሚሸጡት ፀረ ተባዮች መካከል ማላታዮን፣ ዳያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ አሉ። ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በሕክምናው ኦርጋኖፎስፌት እንላቸዋለን። ነፍሳቱን የሚገድሉበት መንገድ እኛንም ይጎዳል። እንዴት? ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢዎች መልእክት የሚያስተላልፈው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ይህን ንጥረ ነገር የሚያጸዳ ኢንዛይም አለ። መርዙ ኢንዛይሙን ያስረዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጣት ተጭኖት እንደቀረ የበር ደውል ይሆናል፤ መልእክቱ አያባራም። ምራቅ ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ዕንባ ይፈስሳል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ትጠባለች፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ሳንባ በፈሳሽ ሲሞላ ደግሞ መተንፈስ ያቅታል፤ የሚገድለውም በዋናነት ይሄ ነው።

መርዙ የሚገባው በአፍ ብቻ አይደለም። በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ሲረጭ የዋለ ሰው ማታ «ምግብ ሳይስማማኝ ቀርቶ ነው» እያለ ሲያስመልስ ቢያድር፣ ከምግቡ በፊት መርዙን አስቡ። ሐኪም ቤት ስትመጡም «ዛሬ መርዝ ረጭቻለሁ» በሉን። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትለውጣለች፤ ምክንያቱም አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለን፣ ግን መስጠት የምንችለው ካወቅን ነው።

ስትረጩ፦
- ጽሑፉ ያለበትን፣ ያልተከፈተውን ዕቃ ግዙ። በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠውን አትግዙ። ምን እንደሆነም ምን ያህል እንደሚበጠበጥም አታውቁም።
- «ትንሽ ጨመር ላድርግበት» የሚባል ነገር የለም። መጠኑ የተጻፈው ነው።
- ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ የፕላስቲክ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ መነጽርና ማስክ ልበሱ። ለኮቪድ ያደረግነው ተራ ማስክ የመርዝ ትነት እንደማያስቀር ግን እወቁ። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ነፋሱም ካለ ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ርጩ።
- ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ውሻና ዶሮን አርቁ። ጽሑፉ ላይ ያለው ጊዜ እስኪያልፍ ሣሩ ላይ አትቀመጡ።
- ስትጨርሱ ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልብሱን ከቤተሰብ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ።
- የተረፈውን ወደ ለስላሳ ጠርሙስ አትገልብጡ። ልጅ ጠርሙሱን ነው የሚያውቀው፤ ፋንታ ይመስለዋል። ቆልፋችሁበት ቁልፉን ያዙ። ባዶውን ዕቃ ቀዳዱት፤ ለውኃም ለዘይትም አይሆንም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን (አሉሚኒየም ፎስፋይድ) ፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ የሚከቱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። የፍልፈል ዋሻ ደግሞ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ልጆቻችሁ የሚተኙበት ክፍል ሥር ሊሆን ይችላል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለንም።

4. ማጨጃ ማሽኑን እንዴት እንያዘው?

አሁን ወደ ልጁ ታሪክ እንመለስ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይቺን ያዙልኝ፦ እጅ ወደ ምላጩ ከመሄዱ በፊት ማሽኑ መነሣት የማይችል መሆን አለበት። ቆሟል ብቻ አይበቃም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፦
- ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ። መብራት ቢጠፋም ንቀሉ። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሄ ይሁን።
- እርጥብ ሣር ላይ አትሥሩ። ገመዱን ሁልጊዜ ከኋላችሁ፣ ካጨዳችሁት በኩል አድርጉ። ገመዱ ከተቆረጠ የተቆረጠውን ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። በፕላስተር የተጠጋገነ ገመድ ደግሞ አዲስ ገመድ ይገዛለት።

በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ፦
- ሞተሩን አጥፉ፤ ምላጩ መዞሩን እስኪያቆም ጠብቁ፤ ከዚያ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉ። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ምላጩን በእጅ ስታዞሩት ሊነሳ የሚችለው ካንዴላው ስላልተነቀለ ነው።
- ለማጽዳት ስትገለብጡት የአየር ማጣሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። አለበለዚያ ዘይትና ቤንዚን ማጣሪያው ውስጥ ይገባል።
- ቤንዚን የሚቀዳው ውጭ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ሲጋራ ሳይኖርም ሊቀጣጠል ይችላል።
- ቤንዚን በጎማ በአፍ አትሳቡ! ወደ ሆድ ከሚገባው ይልቅ ወደ ሳንባ የሚሾልከው ጥቂት ጠብታ ነው ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው።
- ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ አታስነሱ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው።

ለሁለቱም፦
- እጀታውን በሽቦም በላስቲክም አትሰሩ። ያ እጀታ የተሠራው እናንተ ስትወድቁ ማሽኑ እንዲቆም ነው። ታስሮ ያገኛችሁትን ዛሬውኑ ፍቱት።
- የተጠቀጠቀውን ሣር በእጅ ሳይሆን በእንጨት አውጡ፤ ያውም ሶኬቱ ወይም ካንዴላው ከተነቀለ በኋላ።
- ከማጨድ በፊት ግቢውን ዞራችሁ ጠጠር፣ ሚስማር፣ ሽቦና የአጥንት ቁራጭ ልቀሙ። ምላጩ ሲያገኘው እንደ ጥይት ነው የሚወረውረው።
- የድንጋይ መከላከያውን ሽፋን አትፍቱት። መነጽር አድርጉ። ሸበጥ አይሆንም፤ ጠንካራ ሽፍን ጫማ ይሁን።
- ማሽኑን ወደ ራሳችሁ እየሳባችሁ አትጨዱ። ዳገት ላይ ከሆነ የሚገፋውን ማሽን አግድም ንዱት፤ ስትንሸራተቱ እግራችሁ ሥሩ አይገባም።
- ልጆች ቤት ውስጥ ይቆዩ። በትከሻ በሚንጠለጠለው ማጨጃ ሲሠራ ደግሞ ማንም ሰው እስከ 15 ሜትር ባይጠጋ ይመረጣል።
- ምላጩን በየጊዜው ባለሙያ ጋ አስሉት፤ ብሎኑ መጥበቁን፣ ምላጩ አለመሰንጠቁን እዩ። ሁለቱም ጎን እኩል ካልተሳለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ከተንቀጠቀጠ አቁሙት። የሞተር ዘይቱን ከማስነሳታችሁ በፊት ለኩ፤ የአየር ማጣሪያውንም ከአቧራ አጽዱ።

5. አደጋ ከደረሰ

ጣት ከተቆረጠ፦ ንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ ቁስሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ። ቡና፣ አመድ፣ አፈር፣ ቅጠል አትጨምሩ። ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ እኛ ግን አንድ በአንድ ለቅመን ማውጣት አለብን፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። የተቆረጠውን ጣት ፈልጉት። በንጹህ ውኃ በቀስታ አለቅልቁት፣ በረጠበ ንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ውኃ በማያስገባ ንጹህ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ቋጥሩት፣ ፌስታሉን በረዶና ውኃ ላይ አስቀምጡት። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ይዛችሁት ኑ፤ ይሆናል አይሆንም የሚለውን እኛ እንወስናለን።

ዓይን ከተመታ፦ አትሹት፣ የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት፣ አታጥቡት። የወረቀት ኩባያ ከላይ ደፍታችሁ ሳትጫኑ ሸፍኑትና ወደ ዓይን ሐኪም። «ትንሽ ቆረቆረኝ እንጂ ይታየኛል» ማለት ዋስትና አይደለም፤ ትንሽዬ ብረት ዓይን ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ላይ ላታሳምም ትችላለች።

ከተቃጠለ፦ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ። የጥርስ ሳሙናም፣ ሊጥም፣ እንቁላልም አይቀባም።

መርዝ ከነካው፦ ከቦታው አውጡት፤ እናንተ ጓንት አድርጋችሁ ልብሱን አውልቁለት፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት። ከዋጠ ደግሞ አታስመልሱት፤ ወተትም አታጠጡት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለው ነገር እውነት አይደለም፤ ለማጠጣት ስንታገል የምናጠፋው ጊዜ ነው የሚጎዳው። የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939።

ከማንኛውም ቁስል በኋላ ስለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ጠይቁ። ብዙ እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይወስዱታል፤ ወንዶች ግን ካደግን በኋላ የሚያስታውሰን የለም። አፈር የነካው ቁስል ከሆነና የመጨረሻው ክትባት ከ5 ዓመት በላይ ከሆነው፣ ወይም ጭራሽ ካላስታወሳችሁ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

በመጨረሻ

ይሄን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ሣሩን ራሳችሁ አታጭዱም። የሚያጭድ ሰው ትጠራላችሁ። ስለዚህ ዋናው መልእክቴ ለእናንተ ነው። ማሽኑ የእናንተ ከሆነ የታሰረውን እጀታ የምትፈቱት እናንተ ናችሁ። መነጽሩንና ጓንቱን የምትገዙት እናንተ ናችሁ። «መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል እሺ ልጄ» የምትሉትም እናንተ። የቀን ሠራተኛ «መነጽር የለኝም፣ አልሠራም» ብሎ አይመልስላችሁም፤ የዕለት ጉርሱ ናት።

ያ ልጅ ስፌቱ ሊወጣለት ሲመጣ እናትየውም አብረውት መጥተው ነበር። ማሽኑን ምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። «ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር እኮ ልጄ» አሉ።

የእናንተንም ማሽን ዛሬ እዩልኝ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ጽሑፉ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ ሐኪም ማየትን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ግቢ ላላቸው ወዳጆቻችሁና ለአትክልተኞች አጋሩልኝ። ጤናችሁ ይብዛ!